እስከ ሰባት ቁጠር

ጋሽ ይርጉ ሰው ሲመታ አይቻለሁ። ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ውስጥ የሠርግ አዳራሽ ነበር። ፉከራውን ጨርሶ ማይኩን ሊመልስ ሲል አንድ ሱፍ የለበሰ ጎረምሳ ከጠረጴዛው ሆኖ «አሁን ይሄ ዊልቼር ገፊ ማንን ገደለ?» ብሎ ሳቀ። ጋሽ ይርጉ ቀረበና በያዘው ማይክ አፉን አለው። ማይኩ ገና አልጠፋም ነበርና ጥርሱ ሲሰበር ሦስት መቶ እንግዳ በድምፅ ማጉያ ሰማ። ፖሊስ መጣ፣ ሽማግሌ ገባ፣ በመጨረሻ የጎረምሳው አባት ራሱ «ልጄ ነው ያጠፋው፤ ፎካሪ አይነካም» ብሎ ነገሩን አበረደው። እኔ ያን ቀን የዲጄው ረዳት ነበርኩ፤ ደሙን ከማይኩ ላይ የጠረግሁት እኔ ነኝ።

ልዩ እባላለሁ። ሥራዬ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ ምግብ ማዘጋጃ ውስጥ የአውሮፕላን ትሪ መደርደር ነው፤ በተረፈኝ ሰዓት ደግሞ ሌክ ሃይላንድስ ባለችው አፓርታማዬ፣ የልብስ መስቀያው ክሎዜት ውስጥ ድምፅ እቀዳለሁ። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የልደት መልካም ምኞት፣ አንዳንዴም መዝሙር። ስቱዲዮ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ኮትና ብርድ ልብስ የተሰቀለበት ጉድጓድ፣ ከፖውንሾፕ፣ ከመያዣ ሱቅ የተገዛ ማይክ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ፣ እንደ አሮጌ ወፍጮ የሚጮህ ላፕቶፕ፣ በቃ ይኸው ነው። ጋሽ ይርጉ ጎረቤቴ ነው። እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ዊልቼር ስለሚገፋ ሦስት ዓመት ሙሉ በእኔ መኪና አብረን ሥራ ሄደናል። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። አንቱ ስለው «ማንን ነው ሽማግሌ የምታደርጊው?» ብሎ ስለተቆጣኝ አንተ እለዋለሁ።

እጁ ፈጣን ነው። ይህን የምለው ላሳምረው ብዬ አይደለም፤ ክፉ አመል ነው። በልጅነቱ ለአንድ ቃል ብሎ የታላቅ ወንድሙን ክንድ በዱላ ሰብሯል። ሥራ ቦታም አንድ ተቆጣጣሪ አንዲት አሮጊት ተሳፋሪ ላይ ሲጮህ ሰምቶ ግድግዳ ላይ ስላጣበቀው ሁለት ሳምንት ታግዷል። ሚስቱ ጥላው ዴንቨር የሄደችው በዚሁ እጁ ምክንያት ነው። «አንዴ ብቻ ነው የመታኋት» ይላል፤ እኔ ደግሞ «አንዴም መምታት ነው» እለውና እስከ ሥራ ድረስ ተኳርፈን እንሄዳለን። ዊልቼር ላይ ያስቀመጣቸውን ሽማግሌዎች ግን እንደ እንቁላል ነው የሚይዛቸው። ሁለቱ ሰው እንዴት አንድ ገላ ውስጥ እንደሚኖሩ ዛሬም አይገባኝም።

ፉከራው የዳላስ ሠርግ ሁሉ የሚያውቀው ነበር። ወታደር ሆኖ በ1992ቱ ውጊያ ሰሜን ግንባር ተዋግቷል፤ የሚፎክረውም በዚያ ነው። ዘራፍ ብሎ ሲነሳ ሕፃን እናቱ ጉያ ይገባል፤ እንግሊዝኛ እንጂ አማርኛ የማይሰሙት ልጆች እንኳ ስልካቸውን ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው ይቆማሉ።

«ሰባቱን ዘርሬ ከምሽጉ ደጅ፣
ስምንተኛው ሸሸ ለወሬ እንዲበጅ።»

ሰባት ነው ሁሌ። ስድስት ወይም ስምንት ብሎ አያውቅም። በእነሱ አገር ያልገደሉትን ገደልኩ ብሎ መፎከር ከመሸሽ የባሰ ነውር እንደሆነ ደጋግሞ ነግሮኛል። የጎረምሳውን ጥርስ ያስከፈለውም ይኸው ነበር።

በየበዓሉ ደግሞ መኪናዬ ውስጥ ሆኖ ደብረ ብርሃን ይደውላል፤ ለእማማ ከበቡሽ። የጦር ጓደኛው የጳውሎስ እናት ናቸው፤ ጳውሎስ ምሽግ ሲሰበር እየሮጠ፣ ፊቱን ወደ ጠላት እንዳዞረ ወደቀ ብሎ የነገራቸው እሱ ነው። እሳቸውም «ልጄ» ይሉታል። ስልኩን ሲዘጋ ሁልጊዜ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ንፋስ ያስገባል፤ ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ቢሆንም።

ባለፈው ክረምት ድምፁ መሻከር ጀመረ። ሠርግ በዝቶበት ነው ብለን ቀለድንበት። ሐምሌ ላይ ሐኪሞቹ ጉሮሮው ውስጥ ያገኙትን ነገሩት፤ የድምፁ ሣጥን ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይተነፍሳል። ቀዶ ሕክምናው ነሐሴ ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ የልጁ የትዕግሥት ሠርግ መስከረም። ለእማማ ከበቡሽ እንዳይደነግጡ ብሎ መታመሙን አልነገራቸውም። ለእኔ የነገረኝ መኪና ውስጥ፣ ፓርኪንግ ላይ ነው።

«ልዩ፣ ልጄ ሠርግ ላይ ሌላ ሰው አይፎክርም» አለኝ። «ሪኮርድ አድርጊኝ። ድምፄን አስቀሪልኝ።»

አለቀስኩ። እሱ ተቆጣኝ።

ያን ሰሞን እኔም ሶፍትዌር ልቀይር ስማስን ነበር። ሦስት አማራጭ ነበረኝ፤ ስማቸውን ትቼ በራሴ ስም ልጥራቸው። «ኪራዩ» ትልልቅ ስቱዲዮዎች የሚሠሩበት ነው፤ በየወሩ ያስከፍላል፣ ላፕቶፔንም ገና ሲከፈት ያንቀዋል፤ እሱን ወዲያው ተውኩት። «ነጻው» ሁላችንም የጀመርንበት ነው፤ ቀላል ነው፣ ግን የእኔ ቅጂ አንዴ ቆርጠው ሴቭ ካደረጉ ተቆረጠ ነው፣ መመለሻ የለውም። «ርካሹ» ደግሞ ሁለት ወር በነጻ ያስሞክራል፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይሮጣል፣ ዋናውን ድምፅ አይነካም። ቆረጥኩ ስትሉት ከዓይናችሁ ይሰውርላችኋል እንጂ ከሥር አለ። ለእኔ ለምትቸኩለው ከዚህ የሚሻል አልነበረም። ሥራ እየሄድን ይህን ሁሉ ለጋሽ ይርጉ ስተነትንለት እንደ ሰባኪ ነበር የሆንኩት።

«እዚህ ላይ ምንም ነገር አይጠፋም» አልኩት። እግዜር አፌን በዘጋልኝ ኖሮ!

ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ተላጭቷል። ማቀዝቀዣው እንዳይሰማ ኤሲውን አጠፋሁ፤ በነሐሴ ኤሲ ማጥፋት ማለት ዳቦ መጋገሪያ ውስጥ መቀመጥ ነው። ክሎዜት ውስጥ አስገባሁት፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግሁለት።

«ሶ፣ መጀመሪያ ሙከራ ነው። በነጻውም በርካሹም እቀዳህና የሚሻለውን በጆሮህ ትመርጣለህ። አንድ ቤት ፎክር፣ ጮክ ብለህ። ቀጥሎ ቀስ ብለህ እስከ ሰባት ቁጠር፤ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅህን እንዳየው።»

«ሙከራው ይጠፋል አይደል?»

«ሙከራ ምን ይሠራልኛል? አጠፋዋለሁ።»

በነጻው ቀዳሁት፤ ሰባቱን ዘርሬ አለ፣ እስከ ሰባት ቆጠረ። ወደ ርካሹ ቀይሬ መቅጃውን እንዳስጀመርኩ በረንዳው ላይ ልጆች ኳስ ማንጠር ጀመሩ። «ቀጥል፣ ዝም አሰኝቻቸው መጣሁ» ብዬው ወጣሁ። ልጆቹ ሲሟገቱኝ ትንሽ ቆየሁ። ስመለስ ማይኩ ፊት ተቀምጧል፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«ቆጠርክ?»

«ቆጠርኩ።»

ሁለቱንም ፋይል፣ ሀ እና ለ ብዬ፣ ሳልሰማቸው በቴሌግራም ወደ ስልኩ ላክሁለት። ደንበኛ ሁሉ ጋር የማደርገው ነው፤ ሰው በራሱ ስልክ ሲሰማው ነው የሚመርጠው። ስልኩ ሶፋ ላይ ነበር፤ ጮኸ፣ ማንም አላነሳውም።

ከዚያ ዋናውን ቀዳን፤ በርካሹ። ስምንት ደቂቃ ያለ ማቋረጥ ፎከረ።

«ጎራዴ አይመልሰኝ ጥይት አያስፈራኝ፣
ሞት እንኳን በክብር ቆሞ ነው የጠራኝ።»

የተሻከረው ድምፁ ጭራሽ አስፈሪ አድርጎታል። ሰይፍ ሲሳል፣ አጥንት ሲቀጠቀጥ፣ ደም ምሽግ ሲሞላ በዓይኔ አየሁት፤ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ሲወጣ ሸሚዙ ገላው ላይ ተለጥፎ ነበር። ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። «ትዕግሥት ትኮራለች» አለ። ውኃ ጠጣና «እስኪ መጀመሪያ ያን ሙከራሽን አሰሚኝ፤ የትኛው እንደሚሻል ልምረጥ» ብሎ ተቀመጠ። ሙከራው ላይ ምን እንዳለ የረሳው ይመስለኛል፤ ወይም እንደ ጸሎት ለማንም አይሰማም ብሎ ነበር።

ሀን አጫወትኩ። ቀጥዬ ለን። ፉከራው አለፈ። ከዚያ ቆጠራው መጣ።

«አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስት። ስድስት። ስድስቱን አላውቃቸውም፤ ተኮስኩ፣ ወደቁ። ሰባተኛው ጳውሎስ ነው። ሆዱን ተመትቶ ነበር፣ አንጀቱን በእጁ ይዟል። እነሱ በላያችን ያልፋሉ፤ ጫማቸው ይታየኛል። ዝም በል አልኩት። እማዬ አለ። አፉን ያዝኩት። ነከሰኝ። ጉሮሮውን ያዝኩት። እግሩ አፈሩን ሲጭር ቆየ። አልፈው ሲሄዱ ለቀቅሁት፤ እሱ የለም። እማማን እየሮጠ ነው የወደቀው አልኳቸው። የያዝኩት ጉሮሮ ነው አሁን ጉሮሮዬን የያዘኝ።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የጋሽ ይርጉን ማይክ አወጣው። ዞሬ አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አጥፊው።»

ቆረጥኩት፣ ዲሊት አደረግሁት።

«ጠፋ?»

መዋሸት ነበረብኝ። አሁን ሳስበው አንድ ቃል ብቻ ነበር የጎደለው። እኔ ግን ላፕቶፑን ትክ ብዬ አየሁ።

«ምንም አይጠፋበትም አላልሽም? ምንም ነገር አይጠፋም አላልሽኝም?»

«ጋሼ፣ ቆይ፣ ከሥሩ ገብቼ ፋይሉን…»

አልቆየም። ላፕቶፑን ከጠረጴዛው መንጭቆ በወጥ ቤቱ ካውንተር ጠርዝ መታው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ስክሪኑ ተገንጥሎ ግድግዳውን ገጨው። «ዋናው እዚያ ውስጥ ነው! የሠርጉ!» ብዬ ሸሚዙን ያዝኩ። በክርኑ ገፋኝ፤ የማይኩ መቆሚያ ላይ ወደቅሁ፣ ብረቱ ቅንድቤን ሰነጠቀው። ደሙ ዓይኔን ሞላው። ስነሳ እጄ ላይ መጥበሻ ነበር፤ ከየት እንዳነሳሁት አላውቅም። አንጓውን ባለኝ ኃይል አልኩት። ጮኸ። ቢሆንም አላቆመም፤ መሬት ላይ የወደቀውን ላፕቶፕ በተረከዙ ረገጠው፣ ሆዱ ተከፍቶ አረንጓዴው ሰሌዳ እስኪሰባበር ድረስ ረገጠው። እንደገና የጳውሎስን ጉሮሮ የሚይዝ ይመስል ነበር።

ጎረቤት በሩን ደበደበ። ጋሽ ይርጉ ዙሪያውን አየ፤ ምንጣፉን፣ ደሙን፣ እኔን። ስልኩን ከሶፋው አነሳና ወጣ።

ፖሊስ አልጠራሁም። ይቅር ስላልኩት እንዳይመስላችሁ፤ ማክሰኞ በሰንሰለት ታስሮ እንዲቀደድ ስላልፈለግሁ ብቻ ነው። አምስት ስፌት ተሰፋልኝ። ማክሰኞ ሲቀደድ ሆስፒታል አልሄድኩም። ትዕግሥት ደውላ «ልዩዬ፣ ሪኮርዱ ደህና ነው አይደል? ማለቴ፣ ያ ብቻ ነው የቀረን» ስትለኝ «ላፕቶፔ ተበላሸ» አልኳት። ስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት። እጁን በልቤ ረገምኩት። የሰባት ዓመት ሥራዬ በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር፤ የእሱ ድምፅም፣ እስከ መጨረሻው። እንዲህ መሰለኝ ያኔ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ብከፍት ጋሽ ይርጉ ነው። ከስቶ ግማሽ ሆኗል፤ አንገቱ ላይ ጨርቅ አለ፣ ከጨርቁ ሥር ትንፋሹ ፊሽ ፊሽ ይላል። ማጅራቱ ላይ ደግሞ ድንጋይ ተሸክሟል። የይቅርታ ድንጋይ፣ እንደ አገር ቤት፤ ሽማግሌ ሳያስከትል ብቻውን። ከአፓርታማው የአበባ መደብ ላይ ነቅሎ ነው ያመጣው፤ አፈሩ ገና ሸሚዙ ላይ ይረግፋል። እኔ የተበደልኩት «ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ» እስክል አያወርድም።

በሩን ልዘጋበት አሰብኩ። እውነቴን ነው። ቆሜ አየሁት፣ ቅንድቤን ዳሰስኩ፣ እንዲያየው። ከነድንጋዩ ወደ ጎን ማዘንበል ጀመረ፤ ሐኪሞቹ ከባድ ነገር እንዳያነሳ ብለውት የለ?

«ሞተህ እኔ ላይ ልትወድቅ ነው?» ብዬ ድንጋዩን ነጥቄ ጣልኩት። ይቅር አላልኩም። ግን ገባ።

ከኪሱ የልጆች ነጭ ሰሌዳና ማርከር አወጣ፤ አንገት ላይ የሚደገነውን የመናገሪያ ማሽን ኢንሹራንሱ ገና አላጸደቀለትም። ስልኩንም አውጥቶ ቴሌግራሙን ከፈተና ሰጠኝ። የእኔ መልእክት ነው። ሀ እና ለ። በዚያ ቅዳሜ የላክሁለት፤ እኔ ጭራሽ ረስቼው ነበር።

ተቀመጥኩ። ከእሱ ድምፅ በዚህ ዓለም የቀረው እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ላፕቶፑን ሲረግጥ ድምፁ እዚያው ሶፋ ላይ፣ የራሱ ስልክ ውስጥ ነበር።

«ጋሼ! ሠርጉ እኮ ገና ሁለት ሳምንት አለው። አንዷን ቤት ቆርጬ አወጣታለሁ፣ ሦስቴ አራቴ እደጋግማታለሁ፣ ከበሮ ከሥር አደርግላታለሁ። ሌላውን እጥለዋለሁ፤ ማንም አይሰማም።»

ራሱን ነቀነቀ። ጻፈ።

«ለዘላለም የሚቆርጠው የትኛው ነበር?»

«ነጻው።»

«በሱ ቁረጪ። ፉከራውን።»

«ምን? ቆጠራውን ነው?»

ሰሌዳውን በጣቱ መታው። ፉከራውን። በመዳፉ አጥፍቶ እንደገና ጻፈ። «ቆጠራውን ለእማማ።»

ያኔ ጮህኩበት። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፣ ልትገድላቸው ነው ወይ፣ ለምን ዛሬ አልኩት። ትዕግሥትስ? የልጅህ ሠርግስ? እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ትዕግሥት እኔ አለሁላት» ብሎ ጻፈ። «ጳውሎስ የለም።»

ከሥራ ጓደኛዬ ከፍሬ ላፕቶፕ ተውሼ ነበር፤ ነጻውን ጫንኩበት። «ለ»ን አስገባሁ። ሰባቱን ዘርሬ የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ሞገዱ እንደ ተራራ ይቆማል፤ ቆጠራው ደግሞ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ተራራውን መርጬ ቆረጥኩት። ሴቭ ማድረጊያውን እሱ ራሱ ተጫነ። «ሀ»ንም፣ ያልተቆረጠውን «ለ»ንም ከስልኩ፣ ከእኔም ቴሌግራም ጭምር አጠፋ። በዳላስ ሠርግ ሁሉ ሲሰማ የኖረው ፉከራ በዚያ ጣት አለቀ።

የቀረውን በእማማ ከበቡሽ የልጅ ልጅ ቴሌግራም ላከው። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ነው፤ እዚያ አመሻሽ አሥራ አንድ። መከፈቱን የሚናገሩት ሁለት ምልክቶች ታዩ። ተቀመጥን። ትንፋሹ ብቻ ክፍሉን ሞላው። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የድምፅ መልእክት መጣ።

«ይርጉ» አሉ እማማ ከበቡሽ። ድምፃቸው ደረቅ ነበር። «ልጅቷ ሁለቴ አሰማችኝ። ማሽን ልከህ አትሸሽ። እኔ ልጄ ሲሮጥ ነው የወደቀው ብዬ ነው የኖርኩት፤ ሲሮጥ በህልሜ አየው ነበር። ወንድ ከሆንክ ደውልና በገዛ አፍህ ንገረኝ።»

አያውቁም። መታመሙን ዛሬም አልነገራቸውም።

«እኔ ልደውልላቸው» አልኩት። «እኔ ላስረዳ።» ሳይሰማኝ ደወለ፤ ስፒከር ላይ አደረገው።

«ሃሎ» አሉ።

ፊሽ አለ አንገቱ። ፊሽ።

«ይርጉ? አንተ ነህ?»

እጄን ወደ ስልኩ ሰደድኩ፤ ታሟል፣ መናገር አይችልም፣ ጉሮሮው ወጥቷል ልላቸው። ያ ፈጣን እጁ አንጓዬን ያዘኝ። አላሳመመኝም፤ ግን አልለቀቀኝም። ራሱን ነቀነቀ፣ ሕመሙን ሰበብ አድርጌ እንዳልናገርለት።

«ትንፋሽህ ይሰማኛል» አሉ እማማ ከበቡሽ። «ሃያ አምስት ዓመት አወራኸኝ፣ ሃያ አምስት ዓመት ዋሸኸኝ። ልጄን ዝም አሰኘኸው። ዛሬ አንተ ዝም አትበለኝ።»

አፉን ከፈተ። ከንፈሩ «እማዬ» ሲል አየሁት። ምንም አልወጣም።

«ተናገር እንጂ!» አሉ።